ከ«አይደለም» እስከ «ስለዚህ»

የአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ መዝገብ በኮምፒውተር ተቀምጧል እንበል። 200 ሠራተኞች አሉ፤ የሦስቱ ደመወዝ ገና ስላልተወሰነ ቦታው ባዶ ነው። አንዱ ተነሥቶ «ደመወዙ 10,000 ብር የሆነውን ወይም 10,000 ብር ያልሆነውን ሁሉ ዘርዝርልኝ» ብሎ መዝገቡን ቢጠይቅ ስንት ስም ይወጣል? ማንም ሰው 200 ይላል። የባንኩም የቢሮውም መዝገብ የሚጠየቅበት ኤስኪውኤል የተባለው ቋንቋ ግን 197 ብቻ ያወጣል። ባዶው ቦታ «10,000 ነው» ሲባል መልሱ «አይታወቅም»፤ «10,000 አይደለም» ሲባልም «አይታወቅም»፤ ሁለቱ በ«ወይም» ሲጋጠሙም ያው «አይታወቅም» ነው። ማሽኑ ደግሞ «አዎ» ያልተባለለትን አይዘረዝርም። ሦስቱ ሰዎች የጠፉት በፕሮግራም ስሕተት ሳይሆን ለቋንቋው ሌላ ሎጂክ ስለተመረጠለት ነው።

ሌላ ሎጂክ ሊኖር ይችላል የሚለው ሐሳብ ለብዙ ሰው ሌላ የማባዣ ሠንጠረዥ አለ እንደ ማለት ይሰማል። ሆኖም ባለፉት መቶ ዓመታት አማራጭ ሎጂኮች በዝተው፣ ፈላስፎችም ሒሳብ አዋቂዎችም በየወገናቸው ተሰልፈው፣ ሙግቱ ዛሬም አላባራም። ይህ ዳሰሳ ሁሉንም አይነካም። የሚከተለው አንድ ክር ነው፤ እርሱም «አይደለም» የምትለው ቃል ናት። አማራጮቹን ባነበብኩ ቁጥር ጠቡ ዞሮ ዞሮ በእርሷ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ክሩ እስከ መጨረሻው እንደማያደርስ ደግሞ ዘግይቶ ገባኝ።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። «ክላሲካል ሎጂክ» ሲባል ከአርስቶትል ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣ ይመስላል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ሎጂክ ግን ጎትሎብ ፍሬጌ በ1879 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ባሳተማት ቀጭን መጽሐፍ የተወለደ፣ ራስልና ኋይትሄድ ከ1910 እስከ 1913 ባወጧቸው ሦስት ጥራዞች ያደገ ነው። ከስልክ በሦስት ዓመት ያንሳል። እምነቶቹ በቀላሉ ይነገራሉ፦ ማንኛውም አባባል እውነት ወይም ሐሰት ነው፤ ሁለቱንም አይሆንም፤ «አይደለም»ን ሁለት ጊዜ መደረብ ወደ መነሻው ይመልሳል፤ ከተቃርኖ ማንኛውም ነገር ይከተላል። አራቱም ስለ «አይደለም» የሚናገሩ መሆናቸውን ልብ ይሏል። «አይደለም» ዓለምን ለሁለት የምትከፍል አጥር ናት፤ አጥሩ ላይ የሚቀመጥ የለም፣ ሁለቱም ግቢ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኝም የለም።

የዕለት ንግግራችን እንዲህ ጥብቅ አይደለም። «ወጡ አይጠላም» ያለ ሰው ወደድኩት አላለም፤ «የማያውቅ አይደለም» የተባለውም ዐዋቂ ተብሎ አልተሾመም። ይህ የአነጋገር ጨዋነት እንጂ ሎጂክ አይደለም የሚል ቢነሣ ልክ ነው። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል፦ ሰምና ወርቅ የኢትዮጵያ አማራጭ ሎጂክ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። ቅኔው ሁለት ፍቺ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ፍቺ ግን ተለይቶ ሲወጣ እንደ ማንኛውም አባባል እውነት ወይም ሐሰት ነው። የኅብረ ቃል ጥበብ ከአጥሩ ሕግ ጋር ጠብ የለውም።

ከአጥሩ ጋር መጀመሪያ የተጋፋው ራሱ አርስቶትል ነው ማለት ይቻላል። «ነገ የባሕር ላይ ውጊያ ይኖራል» የሚለው አባባል ዛሬ እውነት ከሆነ ውጊያው ሊቀር አይችልም፤ ሐሰት ከሆነ ሊደረግ አይችልም፤ ታዲያ የጦር አዛዦቹ ስለ ምን ይመክራሉ? ፖላንዳዊው ያን ዉካሼቪች ይህን ጭንቅ ይዞ በ1920 ሦስተኛ ዋጋ አቀረበ። እውነት 1፣ ሐሰት 0፣ ገና ያልተወሰነው ግማሽ። የግማሽ «አይደለም» ያው ግማሽ ነው። እንዲህ ሲሆን «ይሆናል ወይም አይሆንም» የሚለውም ግማሽ ብቻ ይሆናል፤ «ሦስተኛ የለም» የተባለው ጥንታዊ ሕግ ወደቀ። የመጀመሪያው ምሳሌያችን የደመወዝ መዝገብ የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው።

ዉካሼቪች የነፃ ፈቃድን ነገር ከልቡ ያሰበ ሰው ነበር፤ ሥርዐቱ ግን እንደ ፍልስፍና አላሳመነኝም። ምክንያቱ አርስቶትል ስለ ባሕር ውጊያው በጻፈበት ምዕራፍ ውስጥ አለ፦ ነገ ውጊያ ይኑር አይኑር አልተወሰነም፣ ከሁለቱ አንዱ እንደሚሆን ግን የተወሰነ ነው ይላል። ሦስቱን ሰዎች ያጣው መዝገብም ችግሩ ይኸው ነው። ደመወዛቸውን አናውቅም፤ 10,000 መሆኑ ወይም አለመሆኑ ግን አያጠራጥርም። ባስ ቫን ፍራሰን በ1966 ያመጣው ዘዴ ለዚህ ይሻላል፦ ባዶውን ቦታ በሁሉም ዓይነት መንገድ ሞልተህ ተመልከት፤ በሁሉም አሞላል እውነት የሆነው እውነት ነው። በዚህ መንገድ «ነው ወይም አይደለም» ይድናል፣ ሦስቱ ሠራተኞችም ይመለሳሉ። የሚከፈለው ዋጋ አንድ እንግዳ ነገር ነው፦ «ወይም» እውነት ሆና ሳለ ከሁለቱ ጎኖቿ አንዱም እውነት ላይሆን ይችላል።

ያልተወሰነውን ትተን ወሰን አልባውን እንይ። አውድማ ላይ ጤፍ ተቆልሏል። አንድ ፍሬ ቢነሣለት ቁልልነቱ አይቀርም። ሌላ አንድ ቢነሣም እንዲሁ። በዚሁ ከቀጠልን መጨረሻ ላይ አንዲት የጤፍ ፍሬ ቀርታ «ቁልል» ልንላት ነው። እንቆቅልሹ የሚሊጢሱ ኢዩቡሊደስ ነው ይባላል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረ ሰው። ጤፍን ቢያውቅ ኖሮ ሌላ እህል አይጠራም ነበር።

ባኩ ተወልዶ በርክሊ ያስተማረው ሎትፊ ዛዴ በ1965 ያቀረበው መልስ በኢንዱስትሪ ዘንድ ዝናን አትርፏል፦ ቁልልነት በደረጃ ነው፤ እውነትም ከ0 እስከ 1 ባለው መካከል የትም ይውላል። የጃፓኗ ሴንዳይ ከተማ በ1987 የከፈተችው የምድር ውስጥ ባቡር ፍጥነቱንና ፍሬኑን በዚህ መንገድ ይቆጣጠር ነበር፤ ተሳፋሪውም ሳይንገጫገጭ ይጓዛል ተባለ። ባቡር መንዳትና መከራከር ግን ለየቅል ናቸው። ቁመታቸው ፍጹም እኩል የሆኑ መንትዮች አሉ እንበል፤ ሁለቱም «ረጅም» ለመባል 0.5 ላይ ናቸው። «ታላቁ ረጅም ነው፣ ታናሹ ረጅም አይደለም» የሚለው አባባል በዛዴ ስሌት 0.5 ያገኛል። እኩል መሆናቸውን እያየን ግማሽ እውነት ልንለው ነው? ኪት ፋይን በ1975 በዚህ ዓይነት ማስረጃ ደረጃውን ትቶ «በሁሉም አሞላል» የሚለውን ዘዴ ለወሰን አልባ ቃላት አዋለው። ቲሞቲ ዊሊያምሰን ደግሞ በ1994 መጽሐፉ ሁሉንም ገፍቶ ክላሲካሉን ሎጂክ እንዳለ አስቀረ፦ ቁልልን ቁልል ካልሆነው የምትለይ አንዲት ፍሬ በርግጥ አለች፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አናውቅም፣ ልናውቅም አንችልም። ይህን የሰማ ተማሪ ሁሉ ይስቃል። መጽሐፉን ያነበበ ግን ሳቁ ይቀንሳል፤ የዊሊያምሰን ክርክር የሌሎቹን ኪሳራ አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚያስረክብ ነውና።

እስካሁን ያየነው አጥሩ ላይ የሚቀመጡትን ነው። በሁለቱም ግቢ የሚገኙትስ?

ክላሲካሉ ሎጂክ ለተቃርኖ ያለው ቅጣት ከባድ ነው። «ቤቱ የአበበ ነው» እና «ቤቱ የአበበ አይደለም» የሚሉ ሁለት ሰነዶች ተገኙ እንበል። ቤቱ የአበበ ከሆነ «ቤቱ የአበበ ነው ወይም አዋሽ ቀይ ባሕር ይገባል» ማለት ይቻላል፤ ከሁለቱ አንዱ ከተሟላ «ወይም» አትዋሽም። ቤቱ የአበበ ስላልሆነ ደግሞ የቀረው ብቻ ነው፤ ስለዚህ አዋሽ ቀይ ባሕር ይገባል። አዋሽ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር የሚያውቅ ዳኛ ሰነዶቹን ይዞ እንዲህ አይፈርድም። የሳይንስ ሰዎችም አይፈርዱም፦ ኒልስ ቦር በ1913 ያቀረበው የአቶም ሥዕል ከዘመኑ የኤሌክትሪክ ሕግ ጋር ይጋጭ ነበር፤ ሆኖም ማንም ከእርሱ ተነሥቶ ያሻውን አልደመደመም።

ፖላንዳዊው ያሽኮቭስኪ በ1948፣ ብራዚላዊው ኒውተን ዳ ኮስታ በ1963 ተቃርኖ የሚችሉ ሥርዐቶችን አቆሙ። የፒትስበርጎቹ አንደርሰንና ቤልናፕ ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ያዙት፦ መደምደሚያ ከመነሻው ጋር ዝምድና ሊኖረው ይገባል፣ ቤትና አዋሽ ምን አገናኛቸው? ቤልናፕ በ1977 ለኮምፒውተር አራት ዋጋ ሠራለት፦ እውነት ነው የተባለ፣ ሐሰት ነው የተባለ፣ ሁለቱም የተባለ፣ ምንም ያልተባለ። «የተባለ» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። ቤልናፕ ዓለም ይጋጫል አላለም፤ ወሬ ይጋጫል ነው ያለው። በዚህ መጠን ከተያዘ የሚቃወመው ያለ አይመስለኝም።

ዓለምም ይጋጫል ያለው ግራሃም ፕሪስት ነው። ማስረጃው የጥንቱ ውሸታም ነው፦ «ይህ ዐረፍተ ነገር ሐሰት ነው።» እውነት ከሆነ ሐሰት፣ ሐሰት ከሆነ እውነት። አልፍሬድ ታርስኪ በ1930ዎቹ መፍትሔ ያለው አንድ ቋንቋ ስለ ራሱ እውነት እንዳይናገር መከልከልን ነበር፤ ሶል ክሪፕኪ በ1975 ክልከላውን አላልቶ ውሸታሙን ዋጋ አልባ አድርጎ ተወው። ፕሪስት በ1979 «ለምን እንሸሻለን?» አለ፤ ዐረፍተ ነገሩ እውነትም ነው ሐሰትም ነው፣ ክርክሩ ያሳየን ይህንኑ ነው። ሰውዬው እብድ አይደለም፤ ከዘመናችን ጠንቃቃ ጸሐፊዎች አንዱ ነው። የሚከፍለው ግን ብዙ ነው። «ይህ ወይም ያ፤ ይህ አይደለም፤ ስለዚህ ያ» የሚለውን፣ ሌባ የሚያሳድድ ፖሊስም ቁልፍ የጠፋበትም ሁሉ የሚጠቀምበትን አካሄድ እንደ አጠቃላይ ሕግ ይጥላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ይህ ነው፦ ለፕሪስት «አይደለም» አንድን ነገር አያስወጣም። አንድ ሰው «እግዜር የለም» ቢለው፣ ፕሪስትም «አለ» ብሎ ቢመልስ፣ ተጣሉ ወይስ ተደጋገፉ? እርሱ ራሱ ይህን ለማዳን መካድን ከ«አይደለም» ለይቶ ሌላ ተግባር አድርጎታል። በሕንድ የቡድሃ ተከታዩ ናጋርጁና «ነው፣ አይደለም፣ ሁለቱም፣ ሁለቱም አይደለም» የሚሉ አራት ማዕዘኖችን ያነሣ ነበር፤ ፕሪስት እንደ ቀዳሚው ይጠራዋል፤ ናጋርጁና አራቱንም የሚነቅፍባቸው ቦታዎች ስላሉ ግን ዝምድናው አከራካሪ ነው።

አሁን የሙግቱ ልብ ወደምለው ደረስኩ።

የሆላንዱ ሉዊትዘን ብራወር በ1907 አምስተርዳም ላይ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ፤ በዓመቱ ደግሞ የሎጂክ ሕጎች አስተማማኝ አይደሉም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ብራወር ስለ ውሸታምም ስለ ነገም አልተጨነቀም። የእርሱ ነገር ሒሳብ ነበር። ለእርሱ የሒሳብ እውነት በአእምሮ የሚሠራ ግንባታ ነው፤ ያልተገነባ ነገር እውነት ነው አይባልም። አንድ ነገር እውነት ነው ማለት ማረጋገጫ አለኝ ማለት ነው፤ አይደለም ማለት ደግሞ እውነት ነው ቢባል ገደል እንደሚከተን ማረጋገጫ አለኝ ማለት ነው። ሁለቱም በእጅ ላይ ከሌሉ «ነው ወይም አይደለም» ብሎ በድፍረት የሚናገር ያልያዘውን ቼክ ይፈርማል።

ምን ያህል እንደሚያሳጣ አንድ ምሳሌ ይበቃል። የ2 ስኩዌር ሩት በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ አይጻፍም። ጥያቄው፦ እንዲህ ያሉ ሁለት ቁጥሮች አንዱ የሌላው ፓወር ሆኖ ሲነሣ ውጤቱ ክፍልፋይ የሚሆንበት ጊዜ አለ? ክላሲካሉ መልስ በአንድ እስትንፋስ ያልቃል። የ2ን ስኩዌር ሩት በራሱ ፓወር አንሣ። ውጤቱ ክፍልፋይ ከሆነ ጥንዱ ተገኘ። ካልሆነ ውጤቱን ራሱን ይዘህ እንደገና በ2 ስኩዌር ሩት ፓወር አንሣው፤ 2 ይመጣል፤ ጥንዱ ተገኘ። በሁለቱም መንገድ አለ! የትኛው ጥንድ ነው? ማረጋገጫው አይናገርም። ብራወር «እንግዲያው ምን አገኘህ?» ይላል። በ1934 ጌልፎንድና ሽናይደር ባረጋገጡት ከባድ ቲዎረም ሁለተኛው ጥንድ መሆኑ ታወቀ፤ ማረጋገጫው ጨዋ ነበር፣ ባዶ እጁን ግን ነበር የመጣው። ጨርሶ መንገድ የለም ማለትም አይደለም፦ የ2ን ስኩዌር ሩት በ2 መሠረት በተወሰደ የ9 ሎጋሪዝም ፓወር ብናነሣው በቀጥታ 3 ይመጣል፣ ማንንም «ነው ወይም አይደለም» ማስባል ሳያስፈልግ።

ጀርመናዊው ሒሳብ አዋቂ ዴቪድ ሂልበርት «ነው ወይም አይደለም»ን መከልከልን እንደ ዝርፊያ አየው። ጥላቻው ከሐሳብ አልፎ በ1928 ብራወርን ከታዋቂው የሒሳብ መጽሔት የአርታዒዎች ቦርድ አስወጣው፤ አልበርት አይንስታይንም ከቦርዱ አንዱ ሆኖ በነገሩ እጁን ላለማስገባት ጣረ። ብራወር ከዚያ በኋላ ዝም አለ ማለት ይቻላል። ተማሪው አረንድ ሃይቲንግ ግን በ1930 የመምህሩን ሐሳብ በሕግ በሕግ ጻፈው፤ ብራወር ራሱ ሎጂክን በምልክት ማሠር ብዙም የማይወድ ሰው ስለነበር ይህ ትንሽ ያስቃል። ኩርት ጌደል በ1933 ያሳየው ደግሞ የተጋጋለውን ሁሉ ያበርዳል፦ የክላሲካሉን የቁጥር ሒሳብ እያንዳንዱን ቲዎረም ተስማሚ በሆኑ ቦታዎች ሁለት «አይደለም» ጣል ጣል እያደረግህ ወደ ሃይቲንግ ሥርዐት መተርጎም ትችላለህ። ዝርፊያ ከተባለ ዕቃው በሌላ ክፍል ተቀምጧል።

ይህን ልዩነት ቃል በቃል ወደ ሙግት የለወጠው ጀርመናዊው ፓውል ሎሬንዘን ነው፤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በኋላም ከተማሪው ከኩኖ ሎሬንስ ጋር። የድሮውን በላ ልበልሃ የሚያውቅ አንባቢ ከማንኛውም ምሩቅ ቀድሞ ይገባዋል። ባለነገርና ሞጋች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሕጉ ጥቂት ነው። ባለነገሩ አንድን ተራ ወሬ በራሱ ሥልጣን መናገር አይችልም፤ ሞጋቹ አስቀድሞ ከአፉ ካወጣው ብቻ ይጠቀምበታል። «ወይም» ያለ ሲጠየቅ ይመርጣል። «አይደለም» ያለ ሰው የሚሞገተው ተቃራኒውን ሞጋቹ ራሱ ሲናገር ነው። እንግዲህ ባለነገሩ ተነሥቶ «ገብሩ ቤት ነው ወይም ቤት አይደለም» አለ። ሞጋቹ «ከሁለቱ የትኛው?» ይላል። «ቤት ነው» ማለት አይችልም፤ ማንም ገና አላመነለትም። ስለዚህ «ቤት አይደለም» ይላል። ሞጋቹ «ኧረ ቤት ነው!» ብሎ ይገጥመዋል። አሁን ባለነገሩ ፈገግ ይላል፦ «እንግዲያውስ ለመጀመሪያው ጥያቄህ የሰጠሁትን መልስ ለወጥኩ። ቤት ነው። አንተው ብለኸዋል።»

ይህ ይፈቀዳል? ወደ ቀድሞ ጥያቄ ተመልሶ መልስ መለወጥ ከተፈቀደ ሕጎቹ በሙሉ ክላሲካል ሎጂክ ይሆናሉ። ካልተፈቀደ፣ ለመጨረሻው ጥቃት ብቻ መልስ የሚሰጥ ከሆነ፣ የብራወርና የሃይቲንግ ሎጂክ ይወጣል። ሌላ ልዩነት የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚል ዳኛ ብራወራዊ ነው ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ተራመድኩ፤ የመቶ ዓመት ጠብ ቃል በመመለስ መብት ላይ እንዲህ ተጠቅልሎ ይገኛል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ኦክስፎርድ ያስተማረው ማይክል ደሜት በ1970ዎቹ የብራወርን ሐሳብ ከሒሳብ አውጥቶ ወደ ቋንቋ አስፋፋው። የአንድ ዐረፍተ ነገር ትርጉም በአጠቃቀሙ የሚታይ ከሆነ፣ ማንም በምንም መንገድ ሊደርስበት የማይችል እውነት አለው ብለን ስናወራ ምኑን ተረድተን ነው? ደሜት እዚህ ላይ ብርቱ ነው፤ ስለ ጥንት ዘመን ሲመጣ ግን እጅ ያጥረዋል። ምስክር ያልተረፈው ድርጊት አልሆነም ለማለት የሚደፍር ጥቂት ነው፤ እርሱም በዚህ ነገር ሲወላውል ኖሯል።

ኳንተም ሎጂክን በአጭሩ ልለፈው። ቢርኮፍና ፎን ኖይማን በ1936 የኳንተም ፊዚክስ አባባሎች «ወይም»ንና «እና»ን የሚያከፋፍለውን ሕግ እንደማያከብሩ አሳዩ፤ ሂላሪ ፑትናም በ1968 አይንስታይን የዩክሊድን ጂኦሜትሪ ከዙፋኑ እንዳወረደ ፊዚክስ ሎጂክንም ሊያወርድ ይችላል አለ። ሐሳቡ ያምራል። ሎጂኩን መቀየር የፊዚክሱን እንቆቅልሽ አንዱንም ስላልፈታ ግን ፑትናም ራሱ ትቶታል።

እስከዚህ ክራችን ሠርቷል። ዉካሼቪች «አይደለም»ን ግማሽ ላይ አቆማት፣ ፕሪስት የማስወጣት ሥልጣኗን ቀማት፣ ብራወር ማስረጃ ጠየቃት። ይህን ያየ ሰው ግን የአሜሪካዊውን ፈላስፋ የኳይንን ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። ኳይን በ1951 የሎጂክ ሕግም ቢሆን ሊከለስ ይችላል ብሎ ነበር፤ በ1970 ግን «አይደለም»ን በሌላ መንገድ የሚጠቀም ሰው ሕጉን አልካደም፣ ርእሱን ነው የለወጠው አለ። እንዲህ ከሆነ ብራወርና ሂልበርት የተጣሉት በአንድ ቃል ሁለት ነገር እየጠሩ ነው። ሩዶልፍ ካርናፕ ቀደም ብሎ በ1934 ከዚህ ዓይነት ሐሳብ ተነሥቶ መቻቻልን ሰብኮ ነበር፦ ሕግህን በግልጽ ጻፍ፣ ከዚያ የወደድከውን ቋንቋ ሥራ። ጄሲ ቢልና ግሬግ ሬስቶል በ2006 ትንሽ ጠበቅ አድርገው «ይከተላል» የሚለው ቃል ራሱ ከአንድ በላይ ትክክለኛ ፍቺ አለው አሉ። ለዚህ መልስ ያለኝ አንድ ጥያቄ ነው። በአንዱ ሎጂክ የሚከተል፣ በሌላው የማይከተል መደምደሚያ ፊቴ ቢቀመጥ፣ ድልድዩ ይሸከማል አይሸከምም የሚል ቢሆን፣ ልመን አልመን? መቻቻል እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ክሩን የበጠሰብኝ ግን ኳይን ሳይሆን ሃስክል ከሪ ነው፤ በ1942 ባወጣው አንድ ፓራዶክስ። ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ነው፦ «ይህ ዐረፍተ ነገር እውነት ከሆነ፣ አዋሽ ቀይ ባሕር ይገባል።» እውነት ነው እንበል። እንግዲያው የሚለው ነገር ይሠራል፦ እውነት ከሆነ አዋሽ ቀይ ባሕር ይገባል። እውነት ነው ብለናልና፣ አዋሽ ቀይ ባሕር ይገባል። ያሳየነው ምንድን ነው? ዐረፍተ ነገሩ እውነት ከሆነ አዋሽ ቀይ ባሕር እንደሚገባ ነው። ዐረፍተ ነገሩ የሚለው ደግሞ ይህንኑ ነው። ስለዚህ እውነት ነው። ስለዚህ አዋሽ ቀይ ባሕር ይገባል።

«አይደለም» የምትል ቃል የትም የለችም። ሦስተኛ ዋጋ ብቻውን አያድንም፤ ተቃርኖን መታገሥም አያድንም፣ ተቃርኖ አልተነሣምና። ብራወርም በዚህ ወጥመድ ከሌሎቹ እኩል ይያዛል። ለዚህ ነው ፕሪስትም ለ«ከሆነ» የተለየ ሕግ ለመሥራት የተገደደው። ክርክሩን ደግመው ቢያዩት አንድ ነገር ያስታውላሉ፦ «እውነት ነው እንበል» የሚለውን ግምት ሁለት ጊዜ ተጠቅመናል፤ አንዴ ይዘቱን ለማውጣት፣ አንዴ ይዘቱን ለመተግበር። ጌርሃርድ ጌንትዘን በ1930ዎቹ አጋማሽ ማረጋገጫዎችን ፈትቶ ሲያይ ይህን ዓይነቱን ነገር ራሱን የቻለ ሕግ አድርጎ ጽፎት ነበር፦ አንድን መነሻ የፈለግኸውን ያህል ጊዜ ተጠቀም፣ እንደ አንድ ይቆጠራል። ማንም ያልጠረጠረው ሕግ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን-ኢቭ ዢራር በ1987 አነሣው፤ ሎጂኩም እንደ ኪስ ገንዘብ ሆነ። 100 ብር ካለኝ ምሳ እበላለሁ፣ 100 ብር ካለኝ መጽሐፍ እገዛለሁ፤ ከዚህ ተነሥቶ በአንዱ 100 ብር ምሳም መጽሐፍም አለኝ የሚል የለም። ገንዘብ ላይ የምናውቀውን እውነት ላይ ረስተነው ነበር ማለት ነው? እርግጠኛ አይደለሁም፤ እውነት በመጠቀም የሚያልቅ ነገር አይመስለኝም። ሆኖም ጠቡ «አይደለም» ላይ ሳይሆን «ስለዚህ» ላይ እንደነበር ከሪ አሳምኖኛል። የሎሬንዘንንም ጨዋታ ተመልሼ ሳየው እዚያም የ«አይደለም» ሕግ ለሁለቱም ወገን አንድ ነበር፤ የተለያዩት ሙግቱ በሚሄድበት ሥርዐት ነው።

«ስለዚህ» ላይ ከደረስን ደግሞ ከሁሉም የምትቀድም አንዲት ጥያቄ ትመጣለች፤ ያቀረባትም የልጆች ተረት ጸሐፊው ሉዊስ ካሮል ነው፣ በ1895። አኪሊስ ለኤሊ ሁለት መነሻዎችን ይሰጣታል፤ ትቀበላለች። መደምደሚያውን ግን አልቀበልም ትላለች፤ መነሻዎቹ እውነት ከሆኑ መደምደሚያው እውነት መሆኑን ገና አላመነችም። ጻፍልኝ ትለዋለች። ይጽፋል፤ ትቀበላለች፤ አሁንም ሌላ ትጠይቃለች፤ ደብተሩ እየሞላ ይሄዳል። ክሪፕኪ ይህን ይዞ ሎጂክን እንደ ልብስ መለወጥ ይቻላል የሚሉትን ጠየቃቸው፦ አዲሱን ሕግ ተቀብለህ ልትሠራበት የምትችለው አስቀድመህ በሕግ የመሥራት ልምድ ካለህ ብቻ አይደለምን? አማራጭ ሎጂክ የሚሠሩት ራሳቸውም ስለ ሥርዐታቸው ሲያረጋግጡ ብዙውን ጊዜ በክላሲካል ሎጂክ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ አዲስ ቤት የሚሠራ አሮጌው ውስጥ ያድራል። ፕሪስት ግን አንድ ቀን እገባበታለሁ ያለው ቤት እስከ ዛሬ ጣሪያው አልተከደነም።

ከሁሉም ገብቶ የኖረበት የብራወር ወገን ብቻ ይመስለኛል፤ እርሱም በፈላስፎች ጉልበት ሳይሆን በኮምፒውተር ሰዎች ነው። «አለ» ያለ ሁሉ ማሳየት ካለበት ማረጋገጫው ራሱ የማሳያ ዘዴ፣ ማለትም ፕሮግራም ነው። ስዊድናዊው ፔር ማርቲን-ሎፍ በ1970ዎቹ ይህን ዝምድና ሙሉ ሥርዐት አደረገው፤ ከዚህ ዘር የወጡ የማረጋገጫ ፕሮግራሞችም ሥራ ላይ ናቸው። ጆርጅ ጎንትዬ የአራት ቀለም ቲዎረምን በ2005 ያስመረመረው ኮክ በተባለው ነው።

ዛሬ ብዙ ሒሳብ አዋቂዎች የሚጽፉበት ሊን የተባለው ፕሮግራም መሠረቱ ከብራወር ወገን ነው፤ የሚጽፉበት ሰዎች አብዛኞቹ ግን ሂልበርታውያን ናቸው፤ «ነው ወይም አይደለም» ማለትን አይተዉም። ስለዚህ አንድ ትእዛዝ ተሠርቷል። ቲዎረምህን አረጋግጠህ ስትጨርስ በየትኞቹ አክሲዮሞች እንደቆመ ትጠይቀዋለህ፤ «ነው ወይም አይደለም»ን የምታስገኘው የምርጫ አክሲዮም የትም ተሸሽጋ ገብታ ከሆነ ስሟ በአንድ መስመር ይታተማል። አንብበው ያልፉታል።